«አዲስ እንግዳ»፦ የጆርጅ ታውን ማደሪያ ቤቶችና የጸጥታቸው ታሪክ

በማሌዥያ ምዕራባዊ የባሕር ዳርቻ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በአምስተኛው ዲግሪ አካባቢ፣ ፔናንግ የምትባል ደሴት አለች። ዋና ከተማዋ ጆርጅ ታውን ትባላለች። ሙቀቷ ዓመቱን ሙሉ የማይበርደው፣ ዝናቧም በዓመት ከ2 ሺህ ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ይህች የወደብ ከተማ፣ ጓዛቸውን በጀርባቸው አዝለው አገር ለአገር የሚዞሩ መንገደኞች ከሚያዘወትሯቸው የእስያ ከተሞች አንዷ ናት። መንገደኛው ከዋናው ምድር በጀልባ ተሻግሮ፣ ቹልያ፣ ሙንትሪ፣ ላቭ ሌን ወደሚባሉት አሮጌ ጎዳናዎች ይዘልቃል፤ ጫማውን ከደጃፍ ያወልቃል፤ አነስተኛ ሒሳብ ከፍሎ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በሚጋራው ክፍል ውስጥ ከተደራራቢ አልጋዎች አንዱን ይይዛል። ክፍሉ በጣሪያ ማራገቢያ ይቀዘቅዛል። በቤቱ ወገብ ላይ ሰማይ የሚታይበት ትንሽ ግቢ አለ፤ ዝናብ ሲጥል የሚሰማው የጠብታው ድምፅ ብቻ ነው። እንግዶች ስለ እነዚህ ቤቶች ሲናገሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ጸጥታቸውን ነው።

ይሁን እንጂ ጸጥታም እንደ ማንኛውም ነገር ታሪክ አለው። እነዚህ ቤቶች የተሠሩት ለጸጥታ አልነበረም። በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ቤተሰብ የሚኖርባቸው፣ በምድር ቤታቸው ቀጥቃጩ የሚቀጠቅጥባቸው፣ ሸማኔና ጠራቢ የሚሠራባቸው፣ በሰገነታቸው ሕፃናት የሚጮኹባቸው ቤቶች ነበሩ። እንግዲያውስ ያ ሁሉ ሰው ወዴት ሄደ? ዛሬ በአልጋ የሚሸጠው ጸጥታ ከየት ተገኘ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው።

በአገራችን ባህል መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይል ነበር። በዚህ አነጋገር ውስጥ ማሳደርም ማደርም ግዴታን ያስከትላሉ፤ ቤተኛው እንግዳውን ይጠብቃል፣ እንግዳውም የቤቱን ክብር ይጠብቃል። የጆርጅ ታውን ታሪክ እንደሚያሳየን፣ እንግዳንና ማደሪያውን የሚያገናኘው ማሰሪያ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ አንድ ጊዜ ዕዳ፣ አንድ ጊዜ ዘር፣ አንድ ጊዜ ሃይማኖት፣ በመጨረሻም የአንድ ሌሊት ሒሳብ ሆኗል። የእያንዳንዱን አመጣጥ በተራ እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደቡና ነፋሱ

የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ወኪል የነበረው ፍራንሲስ ላይት በ1786 የኩባንያውን ሰንደቅ ዓላማ በፔናንግ ተከለ። ደሴቲቱ የኬዳህ ሱልጣን ግዛት ነበረች። ሱልጣኑ ለመልቀቅ የፈቀደው ከጠላቶቹ የሚከላከልለት የጦር ርዳታ አገኛለሁ ብሎ ነበር፤ ኩባንያው ግን ይህን ቃል ሊገባለት አልወደደም። ሱልጣኑ በ1791 ደሴቲቱን በኃይል ለማስመለስ ቢዘጋጅም ድል ስለ ሆነ፣ በዓመት 6 ሺህ የስፔን ዶላር እየተከፈለው እንዲለቅ ተገደደ። እንግዲህ በጆርጅ ታውን ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው እንግዳ፣ እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤት ሆኖ የቀረው ቅኝ ገዥው ራሱ ነው ለማለት ይቻላል።

ላይት ወደቡን ከቀረጥ ነፃ አደረገው፤ ጫካ መንጥሮ ለሚያለማም መሬት ፈቀደ። በዚህ ምክንያት ከደቡብ ሕንድ የታሚል ሙስሊም ነጋዴዎች፣ ከደቡብ ቻይና የፉጂየንና የጓንግዶንግ ሰዎች፣ ከሱማትራ የአቼ ተወላጆች፣ ከሐድራማውት ዐረቦች፣ እንዲሁም አርመኖች፣ በርማዎችና ሲያሞች ተሰበሰቡ። ጎዳናዎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በእነዚሁ ሰዎች ስም ነው፤ ቹልያ ጎዳና፣ አቼ ጎዳና፣ አርመኒያን ጎዳና ይባላሉ። ቀድሞ ፒት ይባል በነበረው በአንዱ ጎዳና ላይ ደግሞ በ1801 የተመሠረተው የካፒታን ከሊንግ መስጊድ፣ የቻይናውያን የምሕረት አምላክ ቤተ መቅደስ፣ በ1833 የተሠራው የሂንዱዎች ቤተ መቅደስና በ1818 የተፈጸመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ይገኛሉ።

ለእነዚህ ሰዎች ማደሪያ የአንድ ሌሊት ጉዳይ አልነበረም። በሸራ መርከብ ዘመን የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ በነፋስ ፈቃድ የሚመራ ነበር። ነፋሱ የዓመቱን እኩሌታ ከሰሜን ምሥራቅ፣ እኩሌታውን ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ በአንደኛው የመጣ ነጋዴ ለመመለስ ሁለተኛውን መጠበቅ ነበረበት። ይህም ማለት ለወራት መቀመጥ፣ ቤት መከራየት፣ ብዙ ጊዜም አግብቶ መውለድ ማለት ነበር። መንገደኛው ሳያስበው የከተማ ሰው ይሆን ነበር።

የታሰረው እንግዳ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ከፔናንግ ማዶ በሚገኘው በላሩት ምድር ብዙ የቆርቆሮ ማዕድን ተገኘ። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ቆርቆሮውን አጥብቀው ይፈልጉት ስለ ነበር፣ የፔናንግ ባለሀብቶች ገንዘባቸውን በማዕድኑ ላይ አፈሰሱ፤ ጉልበቱን ደግሞ ከደቡብ ቻይና አስመጡ። በረኃብና በጦርነት የተጎሳቆለው የቻይና ገበሬ የመርከብ ዋጋ ስላልነበረው፣ ደላላው ከፍሎለት ይሳፈራል፤ ፔናንግ ሲደርስም አንድ አሠሪ ዕዳውን ከፍሎ እስኪወስደው ድረስ በደላላው ቤት ተዘግቶበት ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ዕዳውን በጉልበቱ ይመልሳል። ይህን ሰው ፔናንግ የሰፈሩት ቻይናውያን «ሲንኬ» ይሉት ነበር፤ የቃሉ ፍች «አዲስ እንግዳ» ማለት ነው።

አንባቢ ይህን ስም ልብ እንዲለው ያስፈልጋል። በሩ በውጭ ተቆልፎበት፣ ዘበኛ ተመድቦበት፣ በጠባብ ክፍል ከብዙ ሰው ጋር ተጨናንቆ ገዥውን የሚጠብቅ ሰው «እንግዳ» ተባለ። እንግድነት የክብር ስም መሆኑ ቀርቶ የዕዳ ስም ሆነ። በእኛም ቋንቋ ዕቃ ተሸካሚውን የምንጠራበት «ኩሊ» የሚለው ቃል፣ በዚያ ዘመን በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ለእነዚህ የጉልበት ሠራተኞች የተሰጠ ስም ነው።

ሲንኬው ዕዳውን ከፍሎ ቢወጣ እንኳ የሚያድረው በከተማይቱ መካከል በሚገኙት የኩሊ ማደሪያ ቤቶች ነበር። አንድ ክፍል በሳንቃ ተከፋፍሎ ለብዙ ሰው ይከራያል፤ በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች አንዱን አልጋ ቀንና ሌሊት ይፈራረቁበታል። የደከመው ሠራተኛ የሚያጽናናው ኦፒየም ነበር። ኦፒየም የመሸጥ መብት በቅኝ ገዥው መንግሥት ለነጋዴዎች በጨረታ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ከመንግሥቱ ገቢ ከፍተኛው ድርሻ የሚገኘው ከዚሁ ነበር። እንግዲህ የኩሊው ደመወዝ በማዕድን ጉድጓድ ተገኝቶ በማደሪያ ቤቱ ያልቃል፤ ዕዳውም እንደገና ይጀምራል።

ብቸኛው ሠራተኛ መጠጊያ ያገኘው በምስጢር ማኅበሮች ውስጥ ነበር። ማኅበሮቹ የታመመውን ያስታምማሉ፣ የሞተውን ይቀብራሉ፤ በአንጻሩም አባላቸውን ለጠብ ያሰልፋሉ። በ1867 ጊ ሂንና ቱዋ ፔክ ኮንግ የተባሉት ሁለት ማኅበሮች በጆርጅ ታውን ጎዳናዎች ላይ ለአሥር ቀናት ያህል ተዋጉ። የቅኝ ገዥው መንግሥት በ1877 በሲንጋፖር የቻይናውያን ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አቋቁሞ የደላሎችን ማደሪያ ቤት በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ለማድረግ ሞከረ። የቻይናውያን የውል ጉልበት በማላያ ጨርሶ የተከለከለው ግን በ1914 ነው።

የዘር ቤትና የሃይማኖት ቤት

ከዕዳው ማደሪያ ጎን ለጎን ሌላ ዓይነት ማደሪያ ነበር። በጆርጅ ታውን «ኮንግሲ» የሚባለው የአንድ ዘር ቤት፣ ከአንድ መንደር የመጡና አንድ የቤተሰብ ስም የሚጠሩ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ነው። አሠራሩን ለመረዳት የእኛን ዕድር ማሰብ ይጠቅማል፤ ልዩነቱ ኮንግሲ ቤትና መሬት ያለው፣ የአያቶች መታሰቢያ መቅደስ ያለው፣ ሀብቱም ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ መሆኑ ነው። አዲስ መጪው ስሙንና መንደሩን ተናግሮ ይገባል፤ ሥራ እስኪያገኝ ያድራል፣ ይበላል፤ ሲሞትም ያለ ቀባሪ አይቀርም።

ከአምስቱ ታላላቅ የፉጂየን ዘሮች መካከል የኩ ዘር ያሠራው ኮንግሲ እስከ ዛሬ የከተማይቱ ጌጥ ነው። የቤቱ መሠረት ወደ 1851 ይወስደናል። ከዚያ በኋላ በከፍተኛ ወጪ የተሠራው መቅደስ በ1901 ተቃጠለ፤ ሕዝቡም ጣሪያው የንጉሠ ነገሥቱን ቤተ መንግሥት ስለተፎካከረ የመጣ ቅጣት ነው እያለ ይተርካል። በልኩ ተቀንሶ በ1906 እንደገና የተፈጸመው መቅደስ በደንጊያና በእንጨት ቅርጻ ቅርጽ፣ በሸክላ ስብርባሪ በተሠሩ የጣሪያ ጌጦች የተሞላ ነው። የኪነ ጥበብ ሰው በዚህ ቤት ሊያስተውለው የሚገባው ግን ጌጡን ብቻ አይደለም፤ በመቅደሱ ዙሪያ የተደረደሩትን የዘር አባሎች መኖሪያ ቤቶችም ነው። ጌጡና ማደሪያው የአንድ አሳብ ሁለት ገጾች ናቸው።

በአቼ ጎዳና ደግሞ ማሰሪያው ሃይማኖት ነበር። ከአቼ የመጣው የዐረብ ዘር ነጋዴ ተንኩ ሰዪድ ሑሴን በ1808 ያሠራው መስጊድ፣ ከሱማትራ፣ ከሲያም ደቡብና ከማላያ ወደ መካ የሚጓዙ ሑጃጆች መሰብሰቢያ ሆነ። የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፍቶ የእንፋሎት መርከቦች ከበዙ በኋላ የተጓዡ ቁጥር እያደገ ሄደ። ሑጃጁ ከነቤተሰቡ ከገጠር መጥቶ መርከቡ እስኪደርስ በመስጊዱ ዙሪያ ባሉት ቤቶች ያድራል፤ የጉዞ አዋቂዎቹ ሼሆች ትኬቱን ይገዙለታል፤ ሥርዓቱን ያስተምሩታል፤ ነጋዴው የኢሕራም ልብስና ስንቅ ይሸጥለታል። መርከቡ የሕንድን ውቅያኖስ አቋርጦ በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ይገባል፤ በካማራን ደሴት ተጓዦቹ ለጤና ምርመራ ይቆያሉ፤ ከዚያም ጂዳ ይደርሳሉ። በ1970ዎቹ ዓመታት አውሮፕላን የመርከቡን ቦታ ሲወስድ፣ ሑጃጁ በአቼ ጎዳና ማደሩ ቀረ። መስጊዱ አለ፤ የእንግዶቹ ድምፅ ግን ከዚያ ጀምሮ ጠፋ።

ቤቱ እንዴት ተሠራ?

መንገደኛው ዛሬ የሚያድርበት ቤት ሙቀትን ያለ መኪና ኃይል ለመቋቋም የተሠራ የጥበብ ሥራ ስለ ሆነ፣ ስለ አሠራሩ ጥቂት መናገር ተገቢ ነው። ቤቱ በጎዳናው በኩል ከአምስት እስከ ስድስት ሜትር ያህል ብቻ ይሰፋል፤ ወደ ውስጥ ግን በጣም ይረዝማል። ምድር ቤቱ ሱቅ ወይም የእጅ ሥራ ቦታ ነው፤ ፎቁ መኖሪያ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ቤት ያለ አየር እንዳይቀር መካከሉ ላይ ጣሪያው ተከፍቶ ትንሽ ግቢ ይተዋል። የሞቀው አየር በዚያ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ከጎዳናው ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ዝናቡም እዚያው ወርዶ በቦይ ይሄዳል። መስኮቶቹ በአግድም ከተደረደሩ ስስ እንጨቶች የተሠሩ ስለ ሆኑ ፀሐይን ከልክለው ነፋስን ያሳልፋሉ። ግድግዳው በጡብ ተገንብቶ በኖራ ይለሰናል፤ ኖራ እርጥበትን ስቦ መልሶ ይተነፍሳልና። በኋላ ዘመን ለእድሳት ተብሎ በሲሚንቶ የተለሰኑት ግድግዳዎች እርጥበቱን አምቀው መላላጣቸው የአሮጌዎቹን ግንበኞች ዕውቀት ይመሰክራል።

ከፎቁ ሥር፣ በጎዳናው ጠርዝ፣ «ባለ አምስት ጫማ» የሚባል የተሸፈነ መተላለፊያ አለ። ይህ አሠራር በ1822 ከወጣው የሲንጋፖር ከተማ ፕላን ጀምሮ በአካባቢው ወደቦች ተስፋፋ። እግረኛው በፀሐይና በዝናብ ጊዜ ከለላ እንዲያገኝ የታሰበ ነበር፤ ሆኖም የፀጉር አስተካካዩ፣ የደብዳቤ ጸሐፊው፣ የምግብ ሻጩ መሥሪያ ቦታ ሆነ። ሲመሽ ደግሞ ኪራይ መክፈል ያልቻለው ኩሊ ይተኛበት ነበር። «በረንዳ አዳሪ» የሚለውን ቃል የምናውቅ እኛ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻንም።

ከታላቁ ሆቴል እስከ ርካሹ አልጋ

በገንዘብ ብቻ የሚገኝ ማደሪያ በከተማይቱ በጉልህ የታየው በ1880ዎቹ ነው። ሳርኪስ የተባሉት አርመናውያን ወንድማማቾች በባሕሩ ዳር ኢስተርን ኤንድ ኦሪየንታል የተባለውን ሆቴል ከፈቱ፤ በ1887ም በሲንጋፖር ራፍልስ ሆቴልን አቋቋሙ። ይህ ማደሪያ ለቅኝ ገዥው ሹምና ለባለ ተክሉ ነበር። በዚያው ዘመን ግን የከተማይቱ ታላቅ እንግዳ ያረፈው በእንዲህ ያለው ሆቴል አልነበረም። የቻይና አብዮት መሪ ሱን ያት ሴን በ1910 ከሌላ አገር ተባርሮ ወደ ፔናንግ ሲመጣ፣ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በአርመኒያን ጎዳና በሚገኝ አንድ ረጅም የከተማ ቤት ነበር። በዚያ ዓመት በፔናንግ በተደረገው ስብሰባ በ1911 የጓንግዡ ዐመፅ መነሻ የሆነው ዕቅድ ተነደፈ፤ ገንዘብም ተሰበሰበ። በአንድ ጠባብ ቤት የተስተናገደ እንግዳ የትልቅ አገር ታሪክ እንዴት እንደሚለውጥ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ዛሬ «ሆስቴል» የምንለው የርካሽ ማደሪያ ዓይነት የመነጨው ግን ከእስያ አይደለም። ሪካርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ መምህር በ1909 ተማሪዎቹን ለእግር ጉዞ ይዞ ሲሄድ ዐውሎ ነፋስ ያዛቸውና በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አደሩ። መምህሩ በዚያ ሌሊት፣ ትምህርት ቤቶች በዕረፍት ጊዜ ለተጓዥ ልጆች ማደሪያ ቢሆኑ ምን ይሆናል ብሎ አሰበ። በ1912 በአልቴና ግንብ ውስጥ የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ተከፈተ። ዓላማው በፋብሪካ ጭስ ውስጥ የሚያድጉት የከተማ ልጆች አገራቸውን በእግራቸው እንዲያውቁ ነበር። አልጋው ርካሽ የሆነው ለትምህርት ሲባል ነው።

ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ይህ አሳብ መልኩን ቀየረ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የአውሮፓ ወጣቶች ከኢስታንቡል ተነሥተው በቴህራን፣ በካቡልና በዴልሂ በኩል ወደ ካትማንዱ፣ ከዚያም ወደ ባንኮክ፣ ወደ ፔናንግና ወደ ባሊ ይጓዙ ጀመር። ቶኒና ሞሪን ዊለር የተባሉት ባልና ሚስት በ1975 በጥቂት ገንዘብ ደቡብ ምሥራቅ እስያን ስለ መዞር የጻፉት መመሪያ መንገዱን ለብዙዎች አሳወቀ። እነዚህ ወጣቶች በጆርጅ ታውን ያደሩት በቻይናውያን በሚተዳደሩ አሮጌ ሆቴሎች ነበር። የክፍሎቹ ግድግዳ ጣሪያ ሳይደርስ በሽቦ ወንፊት ይጨረስ ስለ ነበር፣ የጎረቤቱ ሳል፣ የማህጆንግ ጠጠር ኳኳታ፣ የጎዳናው ሻጭ ጥሪ ሁሉ ይሰማል። ያ መንገደኛ በርካሽ ያድር ነበር እንጂ በጸጥታ አያድርም ነበር፤ የከተማው ሰው ገና ከአጠገቡ ነበርና።

የኢራን አብዮትና የሶቪየት ጦር ወደ አፍጋኒስታን መግባት በ1979 የየብሱን መንገድ ዘጉት። ማሌዥያም በ1983 አደገኛ ዕፅ በሚያዘዋውር ላይ ሞትን አስገዳጅ ቅጣት አደረገች፤ ይህ አስገዳጅነት የተሻረው በ2023 ነው። የመንገደኛው ዓይነት ተለወጠ፤ ቁጥሩ ግን አልቀነሰም።

ኪራዩ ሲፈታ

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለሳለን፤ ነዋሪው ወዴት ሄደ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበረው የቤት እጥረት ምክንያት መንግሥት የአሮጌ ቤቶችን ኪራይ በሕግ ገደበ። በ1966 የወጣው ሕግም ከ1948 በፊት የተሠሩት ቤቶች ኪራይ እንዳይጨምር፣ ተከራዩም በቀላሉ እንዳይባረር አደረገ። በጆርጅ ታውን በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች በዚህ ሕግ ሥር ነበሩ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ዓ.ም. (እንደ እኛ አቆጣጠር ነው) የተወረሱትንና የቀበሌ ቤት የምንላቸውን የሚያውቅ አንባቢ፣ የነገሩን ሁለት ገጽ ለመረዳት አይቸገርም። በአንድ በኩል ዝቅተኛው ኪራይ ድኻውን በከተማው እምብርት አኖረ፤ በሌላ በኩል ባለቤቱ የማይጠቅመውን ቤት አላደሰም፤ ጣሪያው አፈሰሰ፣ እንጨቱ በሰበሰ። ቤቱ ስላልተሸጠ አልፈረሰም፤ ስላልታደሰም አረጀ።

በ1969 ጆርጅ ታውን የነፃ ወደብነት መብቷን አጣች። ከ1972 ጀምሮ በደሴቲቱ ደቡብ የተተከሉት የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች ወጣቱን ከአሮጌው ከተማ ወደ አዳዲሶቹ ሰፈሮች ሳቡት። በአሮጌዎቹ ቤቶች የቀሩት አዛውንትና የእጅ ሠራተኞች ነበሩ፤ ዕጣን የሚጠቀልሉ፣ የእንጨት ጽሑፍ የሚቀርጹ፣ ቅርጫት የሚሠሩ፣ የወርቅ አንጥረኞች፣ ቆብ ሰፊዎች።

ሕጉ በ1997 ተሻረና የሽግግሩ ጊዜ በ1999 መጨረሻ ተፈጸመ። በ2000 መግቢያ ላይ ኪራዩ በብዙ እጥፍ ጨመረ፤ መክፈል ያልቻለው ወጣ። ሠላሳና አርባ ዓመት በአንድ ደጃፍ የሠራ ሰው ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ሄደ። ከባዶዎቹ ቤቶች አንዳንዶቹ የገጠማቸው ዕድል ለማመን ያስቸግራል። ምራቃቸው ደርቆ የሚሠራው ጎጆ በቻይናውያን ዘንድ በውድ ዋጋ ለሾርባ የሚሸጥ ትንንሽ ወንጭፊት መሳይ ወፎች አሉ፤ ባለቤቶቹ መስኮቱን በጡብ ደፍነው፣ በቴፕ የተቀዳ የወፍ ድምፅ እያሰሙ ወፎቹን አስገቡ። ሰው የወጣበት ቤት ለወፍ ተከራየ። ባለ ሥልጣኖች ይህን ከታሪካዊው ክልል ያስወገዱት ብዙ ክርክር ካስነሣ በኋላ ነው።

በ2008 ጆርጅ ታውን ከሜላካ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባች። መዝገቡ 109 ሄክታር ገደማ የሚሆነውን ዋናውን ክልል ያከበረው በግንቡ ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ሕዝቦች አብረው በመኖር ሕያው ባህል በመፍጠራቸው ነው። ነገር ግን መዝገቡ የቤቱን ዋጋ ከፍ ሲያደርግ፣ ያንን ሕያው ባህል የያዙት ሰዎች ለመቅረት የነበራቸውን አቅም ዝቅ አደረገ። ባዶዎቹ ቤቶች ታድሰው ቡና ቤት፣ አነስተኛ ሆቴልና የመንገደኞች ማደሪያ ሆኑ። በ2012 በከተማይቱ በዓል ምክንያት ኧርነስት ዛካሬቪች የተባለው የሊትዌኒያ ሠዓሊ በአርመኒያን ጎዳና ግድግዳ ላይ በእውነተኛ ብስክሌት ላይ የተቀመጡ ሁለት ሕፃናትን ሣለ። ሥዕሉ ተወዳጅ ሆነ፤ ጎብኚዎችም በሥዕሉ ፊት ይሰለፋሉ። ሥዕሉ ያማረው በሕይወት የተሞላ ስለ ሆነ ነው፤ ሆኖም በዚያ ሰፈር የሚጫወቱት እውነተኛ ሕፃናት እጅግ አንሰው ነበር።

እንግዲህ መንገደኛው የሚያመሰግነው ጸጥታ ከዚህ ተገኘ። በምድር ቤቱ ያለው ሰፊ የእንግዳ መቀበያ የአንጥረኛው ወይም የሰፊው ሥራ ቦታ ነበር፤ ስምንት አልጋ የተተከለበት ፎቅ የሁለት ወይም የሦስት ቤተሰብ መኖሪያ ነበር። በመጋቢት ወር 2020 የኮሮና ወረርሽኝ የአገሪቱን በሮች ሲያዘጋ፣ መንገደኞቹም ራሳቸው ጠፉ። የአገሪቱ በሮች ለውጭ እንግዳ እንደገና የተከፈቱት በኤፕሪል 2022 ነው። በእነዚያ ዓመታት፣ ነዋሪውን በእንግዳ የተካ ሰፈር እንግዳው ሲቀር ምን እንደሚመስል ታየ።

ከታሪኩ የምንማረው

ይህን ሁሉ ስንል የማደሪያ ቤቶቹን መኰነናችን አይደለም። ብዙ ቤት ከመፍረስ የዳነው እንግዳ አሳዳሪው ጣሪያውን ስለ ከደነው፣ ኖራውን ስለ መለሰው ነው። ያለ ጥገና የቆየው ተከራይም ቢሆን የሚያፈስ ጣሪያ ሥር እስከ መቼም ሊኖር አይችልም ነበር። የኪራይ ቁጥጥሩን ዘመንም እንደ ወርቃማ ዘመን ማየት ስሕተት ነው፤ ከዚያ በፊት ስለነበረው የሲንኬ ማደሪያማ ምንም የሚናፈቅ ነገር የለም። የዛሬው መንገደኛ በፈቃዱ መጥቶ በፈቃዱ መሄዱ በራሱ ትልቅ የታሪክ እርምጃ ነው።

ነገር ግን ቅርስን ስንጠብቅ የምንጠብቀው ምንን ነው? ግንቡን ጠብቀን ሰውን ካስወጣን የቀረን ቅርፊቱ ነው። በጆርጅ ታውን ይህን በጊዜ የተረዱ ነበሩ። በ1986 የተመሠረተው የፔናንግ የቅርስ ማኅበር ስለ ሕንፃዎቹ ብቻ ሳይከራከር፣ የአሮጌ እጅ ሥራ አዋቂዎችን ሕያው ቅርስ ብሎ ማክበርና ሙያቸውን ለወጣት እንዲያስተምሩ ማገዝ ጀመረ። ኮንግሲዎቹም የጋራ ንብረታቸውን ስላልሸጡ፣ በዙሪያቸው የቀሩትን ነዋሪዎች ለማቆየት የሚያስችል አቅም በእጃቸው ይገኛል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የሐረር ጁገል ከጆርጅ ታውን ሁለት ዓመት ቀደም ብላ በ2006 በዚያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። በጁገል ውስጥ የሚገኘው የሐረሪ ባህላዊ ቤት ደረጃ በደረጃ የተሠራ መደቡ፣ በግድግዳው ላይ የተደረደረው ሰፌዱና ሳሕኑ፣ እያንዳንዱ የቤቱ ክፍል የሚሰጠው ትርጉም ሁሉ በውስጡ በሚኖር ቤተሰብ የተያዘ ዕውቀት ነው። ከእነዚህ ቤቶች ጥቂቶቹ እንግዳ ይቀበላሉ። ቤተሰቡ በቤቱ እየኖረ አንድ ክፍል ለእንግዳ ሲሰጥ፣ እንግዳው ቡናውን ከባለቤቲቱ እጅ ሲጠጣ፣ ገቢው ቤቱን ያድሳል፤ ዕውቀቱም ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ቤተሰቡ ወጥቶ ቤቱ በሙሉ ማደሪያ ከሆነ ግን፣ ሰፌዱ በግድግዳው ላይ ቢቀርም የሚሰፋው እጅ የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ጆርጅ ታውን እንዳሳየችን ግን ከጊዜ በኋላ ተመልሶ የማይጠገን ልዩነት ነው።

ስለዚህ የከተማ ባህል ጉዳይ የሚመለከታቸው ሁሉ፣ አንድ አሮጌ ሰፈር ለጎብኚ ሲከፈት ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ከመታደሱ በፊት በቤቱ የኖረው ማን ነበር? ምን ሙያ ነበረው? ከታደሰ በኋላስ በደጃፉ ቆሞ «ቤቶች!» ለሚል መንገደኛ «ይግቡ» ብሎ የሚመልስ ባለቤት ይገኛል ወይ? መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አሮጌው ሰፈር ይዘው ሲሄዱ ከግንቡ ዕድሜ ጋር የነዋሪውን ስምና ሥራ ቢያስመዘግቡ፣ ሠዓሊውና ደራሲውም የቤቱን ድምፅ ገና ሳይጠፋ ቢቀርጹት፣ ታሪክ ከግድግዳ ወደ ሰው ይመለሳል። እንግዳን በክብር ማሳደር የሚችለው በቤቱ ያለ ሰው ነውና።